ከኢንተርኔት የገዛነው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ገንዘባችንን እንዴት እናስመልስ?

ሚሞሪ ካርድ፣ ፍላሽ፣ የስልክ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክና የጆሮ ማዳመጫ ዛሬ ከሱቅ ይልቅ በስልክ ታዝዘው በዶአር የሚመጡ ዕቃዎች ሆነዋል። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ አንዳንዶቹም ደህና ያገለግላሉ። ከመካከላቸው ግን በላያቸው የተጻፈውን ያልሆኑ፣ የታወቀ ድርጅት ስም በሐሰት የተለጠፈባቸው ብዙ አሉ። በዕብራይስጥ «ሜዙያፍ» የሚባለው፣ እኛም «ፎርጅድ» የምንለው ማለት ነው።

ብዙ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ ሲደርሳቸው «ሠላሳ ሸቀል ናት፣ ትቅር» ብለው ይተዉታል። ጉዳቱ ግን በሠላሳ ሸቀል አያበቃም። አባቶችና እናቶች በሱዳን በኩል ስላለፉት መንገድ የተናገሩት ቃል፣ የልጅ ሠርግ ቪዲዮ፣ የቄሶች ጸሎት በሐሰተኛ ሚሞሪ ላይ ተቀምጦ ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም። ሐሰተኛ ባትሪና ቻርጀር ደግሞ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ዝም ካሉ ቀኑ ያልፋል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዕቃው ሐሰተኛ መሆኑን እንዴት እንደምታውቁ፣ ምን ማስረጃ እንደምትይዙ፣ ለማንና እስከ መቼ አቤት እንደምትሉ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ሐሰተኛ ዕቃ በምን ይታወቃል?

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ። አጭበርባሪዎች በትንሽ ፍላሽ ውስጥ ያለውን መረጃ ለውጠው ኮምፒውተሩ ትልቅ መስሎ እንዲያነበው ያደርጋሉ። ስለዚህ ስትሰኩት «2 ቴራባይት» ብሎ ቢያሳያችሁ እውነት ነው ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ልክ እስኪሞላ ድረስ በደንብ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩበት ፎቶና ቪዲዮ ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም፤ አንዳንዴም ቀድሞ የነበረውን እየደመሰሰ ይጻፋል። ትልቅ «ሃርድ ዲስክ» ተብለው ከሚሸጡትም ተከፍተው ሲታዩ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ብቻ የተገኘባቸው አሉ።

ለመፈተሽ «ኤች 2 ቴስት ደብልዩ» የሚባል በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ፍላሹን በሙሉ በሙከራ መረጃ ሞልቶ፣ መልሶ እያነበበ እውነተኛ ልኩን ይናገራል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ፍላሹም ባዶ መሆን አለበት። ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በቀላሉ ይሠራዋል። አዲስ ሚሞሪ ስትገዙ ሳትፈትሹ የቤተሰብ ቪዲዮ አታስቀምጡበት፤ ከፈተሻችሁም በኋላ ዋናውን ቅጂ ከሌላ ቦታ አታጥፉ።

ባትሪ። በእጅ ባትሪና በፓወር ባንክ ውስጥ የሚገባ፣ «18650» የሚል ቁጥር ያለው ክብ የሊቲየም ባትሪ አለ። የታወቁ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ጥሩው ባትሪ በአብዛኛው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ይይዛል። በላዩ 9,900 ብሎ የተጻፈበት ካያችሁ ውሸት ነው፤ በዚያ መጠን ባለ ባትሪ ውስጥ ይህን ያህል ኃይል አይገባም። የስልክ ባትሪም እንዲሁ ነው። ከ2018 ወዲህ በወጡት የአይፎን ስልኮች ላይ ባትሪው የድርጅቱ መሆኑ ካልታወቀ ስልኩ ራሱ በቅንብሩ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ያንን ጽሑፍ ፎቶ አንሱት፣ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቻርጀር። የእስራኤል የቤት መብራት 230 ቮልት ነው። ቻርጀር ይህን ኃይል ወደ ጥቂት ቮልት ያወርዳል። በደንብ የተሠራ ቻርጀር ውስጥ ከግድግዳው የሚመጣው ኃይልና ወደ ስልኩ የሚሄደው በበቂ ርቀት የተለያዩ ናቸው። በሐሰተኛው ውስጥ ይህ ርቀት ጠባብ ስለሚሆን ኃይሉ ወደ ስልኩና ወደ ሰው እጅ ሊያልፍ ይችላል። ክብደቱ በጣም ቀላል ከሆነ፣ ጽሑፉ ላይ የፊደል ስሕተት ካለ፣ መሰኪያው ከላላ፣ ቶሎ ከጋለ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ዳግመኛ አትጠቀሙበት።

ዕቃው እንደ ደረሰ የሚደረግ

አንደኛ፣ ፓኬጁን ከመክፈታችሁ በፊት አድራሻው የተለጠፈበትን ጎን ፎቶ አንሱ። ስትከፍቱም ከቤት ሰው አንዱ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ። 

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከፊት፣ ከኋላ፣ ቁጥሩ ካለበት በኩል ፎቶ አንሱ። ሲፈተሽ የወጣውን ውጤትም እንዲሁ። 

ሦስተኛ፣ የሻጩን ማስታወቂያ ከነዋጋውና ከነመግለጫው በስክሪን ፎቶ ያዙ። ሻጩ ቅሬታ ሲበዛበት ማስታወቂያውን ስለሚያጠፋው ይህ በመጀመሪያው ቀን መደረግ አለበት።

አራተኛ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የከፈላችሁበትን ቀንና ዕቃው የደረሰበትን ቀን በወረቀት ጻፉ። 

አምስተኛ፣ ሳትፈትሹ «ዕቃው ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ አትጫኑ፤ ኮከብም አትስጡ። 

ዕቃውንና ማሸጊያውን ጉዳዩ እስኪያልቅ አትጣሉ።

ሻጩ ማን ነው? በሩ የሚለየው በዚህ ነው

ሀ. የእስራኤል ሻጭ ከሆነ

በእስራኤል የሚነግድ ሻጭ በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይገዛዋል። በዚህ ሕግ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛ ዕቃ «የርቀት ሽያጭ» ይባላል። ገዢው ዕቃው ከደረሰው ወይም የግዢውን ዝርዝር የያዘ ሰነድ ካገኘ፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል።

ለእናንተ የተለየ መብትም አለ። ዕድሜው 65 ዓመት የሞላው ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ እንዲሁም የኦሌ ምስክር ወረቀት ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ኦሌ የመሰረዣ ጊዜው 4 ወር ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ግዢው ሲፈጸም በሻጩና በገዢው መካከል ንግግር መኖር አለበት። በስልክ መነጋገር ወይም በኢንተርኔት መልእክት መጻጻፍ ይቆጠራል። ማንንም ሳታነጋግሩ ቁልፍ ብቻ ተጭናችሁ ከገዛችሁ ግን ያላችሁ 14 ቀን ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ዕቃው ኦሪጅናል ነው?» ብላችሁ መልሱን አስቀምጡ። መልሱ ለሁለት ነገር ይጠቅማችኋል። ለ4 ወሩ መብት የንግግር ማስረጃ ይሆናል፣ ዕቃው ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝም የሻጩን ውሸት ያሳያል።

ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ከሆነ የሰረዛችሁት ሻጩ ከዋጋው 5 ከመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ሊቆርጥ ይችላል። የ300 ሸቀል ዕቃ ከሆነ 15 ሸቀል ማለት ነው። ዕቃው ጉድለት ካለበት ወይም እንደተነገረው ካልሆነ ግን አንዲት አጎራ እንኳ መቁረጥ አይችልም። በ14 ቀን ውስጥ ሙሉውን መመለስ አለበት። ዕቃውንም በራሳችሁ ወጪ የመላክ ግዴታ የለባችሁም፤ በተረከባችሁበት ቦታ አዘጋጅታችሁ «መጥታችሁ ውሰዱ» ብላችሁ ማሳወቅ ይበቃል።

መሰረዙን በስልክ፣ በአደራ ደብዳቤ፣ በኢሜይል ወይም በድረ ገጹ በኩል ማሳወቅ ይቻላል። ማስረጃ እንዲኖራችሁ በጽሑፍ ይሁን። በዕብራይስጥ ለመናገር ይህን ተጠቀሙ፦ ወንድ ከሆነ «አኒ ሜቫኬሽ ለቫጤል ኤት ሃኢስካ»፣ ሴት ከሆነች «አኒ ሜቫኬሼት ለቫጤል ኤት ሃኢስካ»፤ ግዢውን መሰረዝ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ቀጥላችሁ «ሃሙጻር ሜዙያፍ» በሉ፤ ዕቃው ሐሰተኛ ነው ማለት ነው።

ለ. የውጭ አገር ገበያ ከሆነ

በአሊኤክስፕረስ፣ በኢቤይ ወይም በአማዞን ስትገዙ ሻጩ ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር ያለ ነጋዴ ነው። የእስራኤል ሕግ በእርሱ ላይ ማስፈጸም አስቸጋሪ ስለሆነ የሚያዋጣው የገበያውን የራሱን የገዢ ጥበቃ መጠቀም ነው። ጊዜው በየገበያው ይለያል፦

አሊኤክስፕረስ፦ ዕቃው መድረሱ ከተረጋገጠ ወይም ትዕዛዙ ከተዘጋ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ አቤቱታ መክፈት ያስፈልጋል። ከትዕዛዙ ዝርዝር ገብታችሁ የገንዘብ መመለሻውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። አቤቱታውን በዕብራይስጥ «ማሕሎኬት»፣ ገንዘብ መመለሱን ደግሞ «ሄሕዜር ካስፒ» ይሉታል።

ኢቤይ፦ ዕቃው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። ሻጩ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ካልፈታው ኢቤይ ራሱ እንዲገባበት ትጠይቃላችሁ። ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ የመመለሻው ወጪ የሻጩ ነው።

አማዞን፦ ዕቃውን የሸጠው አማዞን ራሱ ሳይሆን ሌላ ነጋዴ ከሆነ መጀመሪያ ለነጋዴው ትጽፋላችሁ። በ48 ሰዓት ካልፈታው ለአማዞን ታመለክታላችሁ። ማመልከቻው ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ እስከ 90 ቀን ይቀበላል።

በፔይፓል የከፈላችሁ ከሆነ፦ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ መክፈት ይቻላል። ከሻጩ ጋር መስማማት ካልተቻለ አቤቱታው በተከፈተ በ20 ቀን ውስጥ ፔይፓል እንዲፈርድ ማሳደግ አለባችሁ። 20ው ቀን ካለፈ አቤቱታው ራሱን ይዘጋል።

አቤቱታው እንዴት ይጻፋል?

ገበያው ምክንያት እንድትመርጡ ሲጠይቃችሁ «አልወደድኩትም» ወይም «አያስፈልገኝም» የሚለውን አትምረጡ። ያን ከመረጣችሁ የመመለሻውን የዶአር ወጪ እናንተ ልትሸፈኑ ትችላላችሁ። «ሐሰተኛ ዕቃ» ወይም «ከመግለጫው ጋር አይመሳሰልም» የሚለውን ምረጡ። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ስድብም ልመናም አያስፈልገውም። ለምሳሌ፦

«በዚህ ቀን፣ በዚህ የትዕዛዝ ቁጥር 2 ቴራባይት የተባለ ፍላሽ ገዛሁ። ሲፈተሽ እውነተኛ ልኩ 32 ጊጋባይት ሆኖ ተገኘ። ዕቃው ሐሰተኛ ነው፤ ከማስታወቂያው ጋር አይመሳሰልም። ሙሉ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ፎቶና ቪዲዮ አያይዣለሁ።»

ይህን በአማርኛ ጽፋችሁ በስልኩ መተርጎሚያ መለወጥ ይቻላል። ቁጥሮቹና ቀኖቹ በትክክል መግባታቸውን ግን አንድ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ።

ሻጮች የሚያመጧቸው ማምለጫዎች

«አቤቱታውን ዝጉልኝና ገንዘቡን በሌላ መንገድ እልካለሁ።» አትዝጉ። ከተዘጋ በኋላ ጊዜው ካለፈ እንደገና ላይከፈት ይችላል። መጀመሪያ ገንዘቡ ይግባ።

«10 ሸቀል እንመልስልዎና ዕቃውን ይያዙት።» ሐሰተኛ ሚሞሪ ለምንም ስለማይሆን ሙሉ ዋጋውን ጠይቁ። አንዴ በትንሹ ከተስማማችሁ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል።

«ዕቃውን ወደ ቻይና መልሱ።» የዶአሩ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የላኪውን ወጪ ሻጩ እንዲሸፍን ጠይቁ። ብቻውን ያለ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በእሳት አደጋ ምክንያት በዓለም አቀፍ የአየር ፖስታ መላክ የተከለከለ ነው። ባትሪ መልሱ ከተባላችሁ ይህንኑ ለገበያው ጻፉ።

«እስቲ ጥቂት ቀን ይታገሡ፣ እንፈትሻለን።» ይህ ቀን ማሳለፊያ ነው። በትሕትና መልሱ፤ አቤቱታውን ግን በቀኑ ክፈቱ።

«ከገበያው ውጪ በዋትስአፕ እንነጋገር።» እምቢ በሉ። ገበያው የሚያየው በራሱ ውስጥ የተጻፈውን ነው።

ወደ አሽራይ ኩባንያ መሄድ

ሻጩም ገበያውም ካልመለሱ በካርቲስ አሽራይ የከፈለ ሰው ሌላ በር አለው። የቪዛና የማስተርካርድ ዓለም አቀፍ ደንብ ሐሰተኛ ወይም እንደተባለው ያልሆነ ዕቃ የደረሰው ሰው ክፍያው እንዲመለስለት በካርዱ ኩባንያ በኩል እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጊዜው በአብዛኛው 120 ቀን ነው። እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ፤ ገበያው እምቢ እንዳለ ወዲያው ደውሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሠራተኛው «ግዢውን እርስዎ ነዎት ያደረጉት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እውነቱን ተናገሩ፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ የገዛሁት፤ የመጣው ዕቃ ግን ሐሰተኛ ነው።» «አልገዛሁም» ካላችሁ ጉዳዩ እንደ ካርድ ስርቆት ይታያል። ካርዳችሁ ይዘጋል፣ በኋላም ግዢው የእናንተ መሆኑ ሲታወቅ ትክክለኛው አቤቱታችሁ ይበላሻል። ኩባንያው ቅጽ ይልክላችኋል። ቅጹን ከፎቶዎቹ፣ ከማስታወቂያው፣ ከሻጩ ጋር ከተጻጻፋችሁትና ከገበያው እምቢታ ጋር አያይዛችሁ መልሱ። ስልክ የሚጠግን ባለሙያ «ይህ ባትሪ የድርጅቱ አይደለም» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢሰጣችሁ አቤቱታውን ያጠነክረዋል።

በቢት ወይም ከባንክ ወደ ባንክ ለግለሰብ ያስተላለፋችሁት ገንዘብ ይህ ጥበቃ ስለሌለው ለማስመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ከማታውቁት ሰው ስትገዙ በካርድ ወይም በፔይፓል ክፈሉ።

የእስራኤል ሻጭ እምቢ ካለ

ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን፣ በዕብራይስጥ «ሃራሹት ለሃጋናት ሃጻርካን»፣ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ባለሥልጣኑ ሕግ የሚጥሱ ነጋዴዎችን ይመረምራል፣ ይቀጣል። የእያንዳንዱን ሰው ገንዘብ የሚያስመልሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ነው።

ለዚህ «ቤት ሚሽፓት ለትቪዖት ክታኖት» የሚባል የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። በዚህ ፍርድ ቤት ሰው በአብዛኛው ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ ይናገራል። የመክፈቻው ክፍያ ከሚጠየቀው ገንዘብ 1 ከመቶ ነው፤ ከ50 ሸቀል ግን አያንስም። ሻጩ በሕግ መመለስ ያለበትን ገንዘብ እያወቀ ከከለከለ ዳኛው ከዋጋው በላይ እስከ 10,000 ሸቀል የሚደርስ ካሣ፣ የጉዳት ማስረጃ ሳይጠይቅ፣ ሊወስን ይችላል። ብዙ ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ «ካልመለሳችሁ ወደ ትቪዖት ክታኖት እሄዳለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያስመልሳል።

ቀኑን ለመቁጠር አንድ ምሳሌ

አንዲት እናት ከአሊኤክስፕረስ በካርድ የገዙት ፍላሽ በፈረንጆቹ ሜይ 3 ደረሳቸው እንበል። በዚያው ቀን መድረሱ በገበያው ተመዘገበ። አቤቱታ የሚከፍቱበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 18 ነው። በሜይ 4 አስፈተሹት፣ በሜይ 5 አቤቱታ ከፈቱ። ሻጩ በሜይ 8 ትንሽ ገንዘብ እመልሳለሁ አለ፤ አልተቀበሉም፣ ገበያው እንዲፈርድ ጠየቁ። ገበያው እምቢ ቢላቸው ወደ አሽራይ ኩባንያ ይሄዳሉ። ከደረሰበት ቀን የሚቆጠረው 120ኛው ቀን ኦገስት 31 ላይ ይውላል። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው በሐምሌ ቢፈትሹት ኖሮ የመጀመሪያው በር ተዘግቶ ነበር።

ገንዘብ ስታስመልሱ ሁለተኛ እንዳትጭበረበሩ

ቅሬታ ያቀረበን ሰው ተከታትለው «ገንዘብዎን ልንመልስ ነው» እያሉ የሚደውሉ ሌቦች አሉ። በስልካችሁ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ የካርዱን ቁጥር ወይም ከጀርባው ያሉትን 3 ቁጥሮች ለደወለ ሰው አትስጡ። ገንዘብ ለመመለስ ገንዘብ አይከፈልም። የተላከላችሁን ሊንክ ከመንካት ይልቅ ስልኩን ዘግታችሁ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። የሐሰት ድረ ገጽ ወይም ሊንክ ካጋጠማችሁ ወደ ብሔራዊው የሳይበር መሥሪያ ቤት በ119 መደወል ትችላላችሁ።

ያበጠ ወይም የሚግል ባትሪስ?

ማስረጃ ነው ብላችሁ ቤት ውስጥ አታቆዩት። ፎቶውን አንስታችሁ ከቤት አውጡት። አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች አሮጌ ባትሪ የመቀበል ግዴታ አለባቸው። ገንዘባችሁን ለመጠየቅ ፎቶውና ቪዲዮው ይበቃል። በማናቸውም ባትሪ ቢሆን ተኝታችሁ ሳለ፣ አልጋና ፍራሽ ላይ አድርጋችሁ አትሙሉ።

ከማዘዛችሁ በፊት

ዋጋው ከሌላው ቦታ እጅግ የወረደ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። አንድ ኮከብ የሰጡ ገዢዎች የጻፉትን አንብቡ፤ እውነቱ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። በፌስቡክ የሚመጣ ማስታወቂያ የነጋዴውን ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና አድራሻ ካልጻፈ አትግዙ፤ በእስራኤል ሕግ የርቀት ሻጭ እነዚህን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የቤተሰብ ታሪክ የሚቀመጥበትን ሚሞሪና ሌሊቱን ሙሉ የሚሰካውን ቻርጀር ደግሞ ደረሰኝ ከሚሰጥ የታወቀ ሱቅ መግዛት ይሻላል፤ ጥቂት ሸቀል ቢጨምርም።

ይህን ጽሑፍ ለጎረቤትና ለዘመድ አንብቡላቸው። ቤታችሁ ውስጥ ሳይፈተሽ የተቀመጠ አዲስ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካለ ዛሬውኑ አስፈትሹት፤ ቀኑ ገና ላያልፍ ይችላል።